የነጯ ልጆች

አሰጋሽ ለብ ያለ ገንፎ የሞላችበትን ስሪንጅ ወደ ጫጩቱ አፍ አስጠግታ እጇ ቀጥ አለ። ትናንት እሾህ ይመስል የነበረው ላባ ሌሊቱን ተከፍቷል። ግራጫ ነው።

"ይሄም?" አለ ባሏ ሰይፈሥላሴ፣ እርጥብ ሸሚዙን ይዞ በበሩ ብቅ ብሎ።

"ዝም በለኝ!"

ሦስተኛው ዙር ነው። ነጭ ሴት ኮካቲል፣ ማለትም ባለጉትዬ ትንሽ በቀቀን፣ ከሳሪስ ገዝታ እቤት ከነበረው ግራጫ ወንድ ጋር ካጣመረች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ከፋብሪካ ፈረቃዋ ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም ስትመለስ መጀመሪያ የምታየው ባሏን ሳይሆን እንቁላሉን ነው። ግን አንድም ነጭ አልተፈለፈለላትም። ግራጫዎቹን፣ ራሳቸውን ችለው መብላት ሲጀምሩ፣ ለጎረቤት ታድላቸዋለች። ማየቱም ያስጠላታል። በዚህ ዙር ነጭ ካልወጣ በረንዳው ላይ ካሉት ሁለት ጎጆዎች አንዱ ተነስቶ ቦታው ልብስ ማስጫ እንዲሆን ከባሏ ጋር ተስማምታለች።

ነጯን ለሸጠላት ለጀቤሳ ደወለች።

"አባትየው ምን ዓይነት ነው?" አላት።

"ግራጫ።"

"እናትየው ነጭ፣ አባትየው ንጹሕ ግራጫ ከሆነ መቼም ነጭ አታገኚም። ነጩ በወንዶቹ ልጆች ውስጥ ተደብቆ ነው የሚቀረው። ከነሱ አንዱን እናቱ ካልሆነች ሌላ ነጭ ሴት ጋር ብታጣምሪው ግማሹ ነጭ ይወጣልሻል። የመጀመሪያዎቹን ወንዶች የት አደረግሻቸው?"

"ስትሸጥልኝ ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅሽኝማ!"

ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋችበትን በገዛ እጇ ስታድል መኖሯ አንገበገባት። ስልኩን ዘግታ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። ታች ባለሱቋ ዘኪያ ከመጀመሪያው ዙር የወሰደችው ግራጫ፣ ፊቱ ቢጫ ሆኖ፣ ከስኳሩ ጆንያ በላይ ተሰቅሎ ያፏጫል። ወንድ ነው፤ ሴቶቹ አያፏጩም።

"ዘኪያዬ፣ እሱን መልሺልኝና ነጯን ልስጥሽ።"

"ነጯ ታፏጫለች?"

"ኧረ አታፏጭም።"

"ታዲያ ምን ላድርጋት? እሱ ጠዋት ሱቁን ስከፍት በፉጨት ነው የሚቀበለኝ። ላንቺ ቆሻሻ ነበር፣ ለኔ ግን ልጄ ነው። አልሰጥም!"

አሰጋሽ ያን ወፍ ስታስረክብ ስም እንኳ አላወጣችለትም ነበር። በንዴት እያለከለከች ወደ ላይ ተመለሰች።

ሰይፈሥላሴ ካርቶን በስቶ አዘጋጅቶ ጠበቃት።

"ጫጩቶቹን ላስገባቸው?"

ሦስቱ ግራጫዎች አንገታቸውን አስግገው አፋቸውን ከፍተዋል። ከመካከላቸው ወንድ ይኑር አይኑር እስኪያፏጩ አይታወቅም። ያ ደግሞ ገና ብዙ ወር ይፈልጋል። አሰጋሽ ነጯን ከነባሏ ከጎጆው አውጥታ ካርቶኑ ውስጥ አስገባቻቸው።

"ነጯን? አብደሻል?"

"ለጀቤሳ መልስለት። ወንድ ሲደርስልኝ ሌላ ነጭ ሴት እንዲሰጠኝ እነግረዋለሁ።"

"እነዚህስ?"

"እነዚህማ ይቆያሉ" አለችና የቀዘቀዘውን ገንፎ ልታሞቅ ስሪንጁን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።