አምኗል

ሽማግሌ ሲመጣ በር ይከፈታል። ወርቅዬም እጇ በጀሶ እንደታሰረ ከፈተችላቸው። አየር ጤና፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ያለችው የእህቷ የማራኪ ቤት ጠባብ ናት፤ ሦስት ሽማግሌና አንድ ባል ሲገቡባት መላወሻ ጠፋ።

ባልየው ታዲዮስ አንገቱን ደፍቶ ጥግ ያዘ። ያ እጇን የሰበረው ሰውዬ ዛሬ ነጠላውን አጣፍቶ በግ መስሏል። ወይ ጉድ!

«ተቀመጡ» አለች።

«እሺታሽን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ገብረወልድ። የቀራንዮ ሰፈር ሁሉ የሚያከብራቸው፣ ሐሰት ከአፋቸው የማይወጣ ሰው ናቸው፤ ወርቅዬን የዳሯትም እሳቸው ናቸው። «ክስሽን አንሺና ቤትሽ ግቢ፣ ልጄ።»

ከዚህ በፊት ሁለቴ ታርቃ ገብታለች፤ ሁለቴም ዱላው ጠብቋታል። አሁን ብትገባ በእግሯ እንደማትወጣ ታውቀዋለች። ክሷን እንዳትገፋበት ደግሞ ምስክር የላትም። በር ዘግቶ ነው የመታት፤ ለፖሊስ መርማሪዋም «ደረጃ ላይ ወድቃ ነው» ብሎ ሽምጥጥ አድርጎ ክዷል።

«ዝም አይነቅዝም» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ፣ አቶ ፈቀደ። እውነት ነው፣ ዝም አይነቅዝም፤ አጥንት ግን ይሰበራል። ተረቱን ያወጣው ሰው በብረት ተመትቶ አያውቅም መሰል።

«ሴት ልጅ ትችላለች» ሲሉ ጨመሩ።

«እሱስ ለምን አይችልም?» አለች ወርቅዬ። «ሕጉ እኩል ናችሁ ብሎናል። ሚስቱን የመታ ሌላ ሰው እንደመታ ይጠየቃል። ደግሞ ወደቀች ብሎኛል!»

«እሱን ተዪው» አሉ ጋሽ ገብረወልድ። «ጥፋቱን ያላመነ ሰው ይዘን ደጅሽ አንቆምም፤ የሽምግልና ወጉ አይደለም። ዛሬ ጠዋት በብረት መታኋት ብሎ አልቅሷል።»

ወርቅዬ ወደ ሽማግሌው ቀረበች። «አምኗል? በሦስታችሁም ፊት?»

«አምኗል አልኩሽ እኮ።»

«እንግዲያው ጋሼ፣ አሁኑኑ ጣቢያ እንሂድ። ይህንኑ ለመርማሪዋ ይንገሩልኝ።»

አቶ ፈቀደ ሳል ያዛቸው። ታዲዮስ ቀና አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። እሱ ሲፈራ ወርቅዬ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው፤ ደስ አላት።

«የሽማግሌ ምስጢር እኮ ነው!» አለ።

«የኔን እጅ ሰፈር እያየው፣ ያንተ ምስጢር ይሁንልህ? አልታረቅም!» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ጋሼ፣ ፍርድ ቤት ያስጠራዎታል። ወይ እውነቱን ይናገራሉ፣ ወይ አላመነም ብለው ይምላሉ።»

ጋሽ ገብረወልድ ጀሶውን አዩት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አጠለቁ።

«በዚህ ዕድሜዬ በሐሰት አልምልም።»

«ጋሼ!» ታዲዮስ በሩ ላይ ተደፍቶ እግራቸውን ያዘ።

«ልቀቀኝ። የዳርኳት እኔ ነኝ፤ ሁለቴ መልሼ የሰጠሁህም እኔ ነኝ» አሉት። «ወርቅዬ፣ ወደ ጣቢያው ምሪኝ።»

ወርቅዬ ባሏን ተሻግራው ወጣች።