የተቀጠለው እጀታ

ወንድሜ ኔቪል ዘንጌን ወስዶ "የአባባ ነው" ካለ ሃያ ዓመት አልፎታል። ያን ሁሉ ጊዜ እሱ ባሕሩ ዳር ቆሞ በእኔ ዘንግ ዓሣ ሲያጠምድ፣ እኔ ከጎኑ ቆሜ ከሱቅ በገዛሁት ሳጠምድ ኖርኩ። የሱቁ ዘንግ ለረጅም ሰው የተሠራ ስለሆነ እጀታው ጎድኔን ይወጋኛል። ሰው ሁሉ "ሜርል ረስታዋለች" ብሎ ነበር። አልረሳሁም።

አባታችን ዊልፍ ጀልባ ጠጋኝ ነበር። ብርድ ሲገባና ሥራ ሲቀዘቅዝ ከቀርከሃ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይሠራል። ዘንግ የሚያሠራ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚለው "እጅህን ዘርጋ" ነው። የቀርከሃውን ጫፍ ብብቱ ሥር ያስገባለትና ክንዱን በቀርከሃው ላይ ያዘረጋዋል፤ መዳፉ የደረሰበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። ክሩ የሚጠቀለልበት መዘውር የሚታሰረው እዚያ ነው። እጀታው ከዚያ ከረዘመ ክር ስትጠቀልል ይወጋሃል፤ ካጠረ ደግሞ ስትወረውር ጉልበት አይኖርህም። "ጥርስና ዘንግ አይዋሱም" ይል ነበር።

የእኔን የሠራልኝ ገና ሳላገባ ነው። አጭር ነኝ፤ ክንዴም እንደ ቁመቴ ነው። ምልክቱን ሲያደርግ፣ "ይሄማ የመጥበሻ እጀታ ነው እንጂ የዘንግ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። ግን ሠራው። ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ቀርከሃ ነው። የታችኛውን ጫፍ እንደ እንቁላል አሞልሙሎ ቫርኒሽ ቀባው፤ እጀታውን በአረንጓዴ ሲባጎ ጠመጠመው።

ከዚያ አገባሁና ደጋ ወጣሁ፣ ቴንተርፊልድ። ባሕር በሌለበት አገር ዘንግ ምን ያደርግልኛል ብዬ አባባ ዕቃ ቤት ሰቅዬው ሄድኩ። አባባ ሲሞት ለቀብር ስመጣ ኔቪል ዕቃ ቤቱን አራግፎ ጨርሷል።

"የኔ ዘንግስ?" አልኩት።

"ያንቺ የሚባል ዘንግ አላየሁም።"

ባሌ ሬይ የባቡር ሥራውን ሲተው ባሕሩ ዳር ወዳለችው የትውልድ ከተማዬ፣ ወደ ኢሉካ ተመለስን። በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ባሕሩ ወርጄ ኔቪልን በዘንጌ ሲያጠምድ አገኘሁት። እጀታው ረዝሟል። ኔቪል እንደ አባባ ዘንካታ ነውና አልበቃው ሲል ከታች እንጨት ቀጥሎበታል፤ መጋጠሚያውንም ያንኑ በመሰለ አረንጓዴ ሲባጎ ሸፍኖታል።

"ኔቪል፣ ይሄ ተቀጥሏል።"

"አባባ ነው የቀጠለው። የራሱ ዘንግ ነው።"

"አባባ መቼ ነው ዘንግ ቀጥሎ የሚያውቀው?"

"ሜርል፣ ዓሣው መጥቷል። አፍሽን ዝጊና ወርውሪ።"

እንዲህ እየተባባልን ስንት ዓመት ሄደ። ዘንድሮ ኔቪል ወገቡን ታመመና መወርወር አቃተው። ዘንጉን ለዓሣ አጥማጆች ክበብ ሰጠ፤ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል፣ ከሥሩም "የዊልፍ ሃርክነስ የራሱ ዘንግ" ተብሎ ሊጻፍ። የክበቡ ሊቀመንበር አርቺ የአባባን ፎቶ ሊጠይቀኝ ቤቴ መጣ።

"ፎቶውን ውሰድ። ዘንጉ ግን የኔ ነው" አልኩት።

"እሱን ከወንድምሽ ጋር ጨርሺ። እኔ ሚስማር ነው የምመታው።"

አንዴ ግድግዳ ላይ ከወጣ አለቀ። አባባ ለወንዶቹ እንጂ ለእኔ ምንም እንዳልሠራ ሆኖ ይቀራል። እኔ ስሞት ደግሞ የሚከራከርም አይኖርም።

ቅዳሜ ከሰዓት ክበቡ ሄድኩ። ቋሊማ እየተጠበሰ፣ ቢራ እየተጠጣ ነው። ዘንጉ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ኔቪል አባባ በዚህ ዘንግ ስለያዘው ዓሣ ያወራል፤ ዓሣው በየዓመቱ ያድጋል።

"ኔቪል፣ እጅህን ዘርጋ" አልኩት።

ሳቀ። ዘንጉን አንስቶ ብብቱ ሥር አስገባና ክንዱን ዘረጋ። መዳፉ መዘውሩ ላይ ቁጭ አለ።

"አየሽ? የአባባ ልክ ነው። እኔና አባባ አንድ ክንድ ነን።"

"ከነቅጥያው ነዋ" አልኩና ተቀበልኩት። የዓሣ ቢላዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

"ሜርል፣ ሰው አለ እዚህ" አለ አርቺ ቢራውን ወደ ራሱ እየሳበ።

"አንተን አይደለም የምገነጥለው።"

መጋጠሚያው ላይ ያለውን ሲባጎ በጠስኩና ፈታሁት። ኔቪል የእንጨቱን አፍ ቦርቡሮ ቀርከሃው ላይ እንደ ካልሲ አልብሶታል። ሙጫው ደርቋል፤ ሁለት ሦስቴ ሳወዛውዘው ወለቀ። ከውስጡ የቀርከሃው ጫፍ ወጣ፤ እንደ እንቁላል የተሞለሞለ፣ ቫርኒሹ ያልተነካ። አባባ የጨረሰው እዚያ ላይ ነበር። ሊቀጥልበት ያሰበ ሰው ጫፉን እንዲያ አድርጎ አይጨርስም።

ብብቴ ሥር አስገባሁትና ክንዴን ዘረጋሁ። መዳፌ መዘውሩን ያዘ። ሰው ይወፍራል እንጂ ክንድ አይረዝምም።

ከኋላ አንዱ፣ "ዊልፍ እኮ በዚህ በር አጎንብሶ ነበር የሚገባው" አለ።

ኔቪል ጫፉን በጣቱ ዳሰሰው። "ስቀጥለው አይቼዋለሁ፣ ይሄን" አለ ቀስ ብሎ። "ግን አንቺ ሄደሽ ነበር።"

"ተመልሻለሁ።"

"እና ሚስማሩ ላይ ምን ልስቀል?" አለ አርቺ። "ሁለት መትቻለሁ።"

ቅጥያውን እንጨት ሰጠሁት። "ይሄ የኔቪል የእጁ ሥራ ነው። እሱን ስቀለው።"

ዘንጌንና ባልዲዬን ይዤ ወጣሁ። ባሕሩ እየሞላ ነበር። ከአሸዋው ትል አወጣሁ፣ መንጠቆው ላይ ሰካሁ፣ ወረወርኩ። ክሩን ስጠቀልል ጎድኔን የሚወጋኝ ነገር አልነበረም።