በቃህ ባዩ

አማኑኤል ከተማ ውስጥ የሰፈራችንን እድር ሃያ ሁለት ዓመት መርቻለሁ። የእድሩ ድንኳን የሚቀመጥበት ቤት ቁልፍ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ያለችው ሐኪም ሆዴ ውስጥ ያለው እብጠት ካንሰር መሆኑን ነገረችኝ። ምን በልቼ ነው፣ ማን መተት አድርጎብኝ ነው እያልኩ ነዘነዝኳት። ታግሳ አስረዳችኝ።

«አባቴ፣ አንድ ሴል ሲበላሽ ‹በቃህ፣ ሙት› የሚለው ዘረመል አለ። ሴሉ እሺ ብሎ ይሞታል፣ ሌሎቹ በሰላም ይኖራሉ። እርስዎ ላይ ግን ያ ዘረመል ራሱ ተበላሸ። የተበላሸው ሴል ተው ባይ አጥቶ እየተባዛ ሄደ።»

«የሚገድለኝ አልሞትም ያለው ነው በይኛ» አልኳት።

«አዎ፣ በቃህ የሚለው ዝም ስላለ» አለች።

ወደ አማኑኤል ከመለሰኝ ሚኒባስ ስወርድ ቤቴ አልገባሁም፤ የእድራችን አባል የነበረው የአበባው ቤት ደጃፍ ሄጄ ቆምኩ። የዛሬ ሦስት ዓመት በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ይበቃዎታል፣ ለሌላ ይልቀቁ ስላለኝ ስሙን ከእድሩ መዝገብ አሰርዤበታለሁ። እናቱ ስትሞት ድንኳን ከልክዬዋለሁ።

በሩን ከፈተልኝ። ቁልፉን አውጥቼ ዘረጋሁለት።

«ያን ቀን ያልከኝን» አልኩት፣ «እስቲ ድገምልኝ።»