አባት ያዘዙት ግስ

የፀደይ በዓል፣ አዲስ ዓመታችን፣ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ጋሽ ፓንግ ቴሌግራም ይዘው ቻይና ውስጥ አንሁዪ ወዳለው ትምህርት ቤታችን መጡ። የአኩሪ አተር አይብ ሻጭ ናቸው፤ ሽርጣቸውን እንኳ አላወለቁም። መርከበኛ ልጃቸውን ሊሸንን እንግሊዝኛ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

«መምህርት፣ ከውጭ አገር ሆስፒታል ነው አሉኝ። የፖስታ ቤቷ ልጅ ‹ወድቆ ተጎድቷል፤ ላይሠራው ይችላል ይላል› አለችኝ። ምኑን ነው የማይሠራው?»

መጨረሻው ላይ «ሜክ»፣ መሥራት፣ የሚል የእንግሊዝኛ ግስ አለ። ሃያ ዓመት አስተምሬዋለሁ፦ አልጋ ማንጠፍ፣ ሻይ ማፍላት፣ ወዳጅ ማፍራት፣ ሰው ማስለቀስ። ለእኛ ሁሉም የየራሱ ግስ አለው፤ እነሱ ግን በአንዱ ይገላገሉታል። እንዲህ «ሜክ ኢት» ሆኖ ግን አይቼው አላውቅም። መዝገበ ቃላት ገለጥኩ፤ «በሰዓቱ መድረስ» ይላል።

«ለበዓሉ አይደርስም ማለት ነው» አልኳቸው።

«እፎይ! ይሄ ዋልጌ አምናም ቀርቷል እኮ። እግሩን ሰብሮ ይሆናላ!» እየሳቁ ወጡ።

ልቤ ግን አላርፍ አለኝ። ገጹን ብገልጠው ትርጉሙ ከጀርባው ይቀጥላል፦ «ከሞት መትረፍ»።

መዝገበ ቃላቱን እንደያዝኩ አይብ ወደሚሸጡበት ገበያ ሮጥኩ። ስነግራቸው ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

«ቅድም አይደርስም አሉኝ እኮ!»

«ተሳስቼ ነው፣ ጋሽ ፓንግ።»

«እስቲ ደህና አድርገው ይዩት። ሌላ ትርጉም አይጠፋውም።»

ማንበብ በማይችሉት ፊደል ላይ እርጥብ ጣታቸውን ከላይ እስከ ታች አስኬዱ። የተሻለ ትርጉም አላገኘንም። ልሂድ እንዳይሉ ፓስፖርት ብቻውን ወራት ይፈጃል።

«እንግዲያው በዚያው ቃል ይመልሱልኝ። ትረፍ ብለው ይዘዙልኝ። አባቱ ነኝ፤ ያዘዝኩትን እምቢ ብሎ አያውቅም።»

ግሱ በትእዛዝ ይገባል፤ ሰዋስው አይከለክልም። ሰው ታዞ እንደማይተርፍ እያወቅኩ ጻፍኩና ላክን።

በአራተኛው ቀን የፖስታ ቤቷ ልጅ መልሱን ይዛ ራሷ እኔና ጋሽ ፓንግ ወዳለንበት ገበያ መጣች። እኔን መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ «ሞተ» የሚለውን ቃል የአንደኛ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል። ትእዛዛችን በሕይወት ሳለ ደርሶት እንደሆነ ወረቀቱ አይናገርም። ጋሽ ፓንግ የጀመሩትን አይብ ቆርጠው ለመጨረስ ሞከሩ፤ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ቢላዋውን ተቀበልኳቸው። እኔም መቁረጥ አልቻልኩም። ወረፋ የያዙት ሰዎች ሳህናቸውን እንደያዙ ቆሙ።