የጎረቤት ወሬ

ሽማግሌው ኦስመንድ ዓሣ መፈለጊያ ሲሸጥ እንደ ሌላው ነጋዴ አይደለም። ከሱቁ ጀርባ፣ በረዶ የሆነው ሐይቅ ላይ የራሱ ቀዳዳ አለው። ገዢው እዚያ ተንበርክኮ፣ የመሣሪያውን ጆሮ፣ ድምፅ ልኮ ማሚቶውን የሚያዳምጠውን ክፍል፣ ውኃ ውስጥ ነክሮ በገዛ ዓይኑ ካላየ ዕቃው አይሸጥለትም። «ሱቅ ውስጥ የማያምር ዕቃ የለም፤ ጉዱ የሚታወቀው ብርድ ላይ ነው» ይላል። እውነቱን ነው።

በዚያ እሑድ ከሰዓት አርዲስ ስትመጣ ግን ወደ ቀዳዳው ሊወስዳት አልፈለገም። ምን ፈልጋ እንደመጣች መንደሩ ሁሉ ያውቃላ! ወንድሟ ቨርሊን ከገና በፊት፣ ሐይቁ በቅጡ ሳይደነድን በበረዶ ሞተሩ ዓሣ ላጥምድ ብሎ ወጣ፤ እንደወጣ ቀረ። ነፋሱ ዱካውን ጠረገው። ጠላቂዎች በጀልባ መውረጃው በኩል ፈልገው ፈልገው አጡት፤ ከዚያ ወዲያ «እስከ ፀደይ ይቆይ» ተባለ። እናቱ ወይዘሮ ሄልጋ «ሬሳውን ሳላይ ልጄን አልቀብርም» ብለው መስኮቱ ሥር ወንበር አስቀምጠው ሐይቁን ማየት ያዙ። እህል በአፋቸው አይዞርም። ፀደይ እስኪመጣ እናቷም እንደማይቆዩላት አርዲስ ገብቷታል፤ ወንድሟን ራሷ ልትፈልገው ነው።

«ዓሣ ልይዝበት ነው» አለችው።

«አንቺ? ዓሣ ሲሸትሽ እንኳ አፍንጫሽን ትይዢ የለም እንዴ!»

«አሁን መውደድ ጀመርኩ። ምን አገባዎት፣ ጋሼ ኦስመንድ?»

«ምላስሽ የወንድምሽ ነው» አለና ሦስት መሣሪያ አንጠልጥሎ ወጣ።

የመጀመሪያው እንደ ቴሌቪዥን በሥዕል የሚያሳይ ነበር። ብርዱ ገና ሲነካው ሥዕሉ መንቀርፈፍ ጀመረ። «ይሄ ለሳሎን ነው» ብላ መለሰችለት። የቀሩት ሁለቱ፣ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ፣ በክብ ገጽ ላይ በመብራት የሚያሳዩ ናቸው። የሐይቁ ወለል ወፍራም መስመር ሆኖ ይበራል። ዳር ዳር የሚል ነገር አረንጓዴ፣ ጠጋ ያለ ቢጫ፣ ልክ ከቀዳዳው ሥር የቆመ ቀይ ይሆናል።

አርዲስ የአሮጌውን ጆሮ ነከረች። ወዲያው ገጹ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጫጭን ቀይ መስመሮች ክቡን እየዞሩ ይርገበገቡ ጀመር።

«የጎረቤት ወሬ እንለዋለን» አለ ኦስመንድ። «ሌላ አጥማጅ በአቅራቢያ መሣሪያውን ሲያበራ፣ የሱ ጩኸት ባንቺ ጆሮ ይገባል። አዲሱ ወሬ መቁረጫ ቁልፍ አለው። እሱን ውሰጂ።»

«የቱ አጥማጅ?»

ኦስመንድ ዞር ብሎ ሐይቁን አየ። ወንዱ ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ኳስ ያያል። በዚያ ብርድ ሐይቁ ላይ ሰው ቀርቶ ቁራ አልነበረም። አርዲስ የሌሎቹን መሣሪያዎች ባትሪ ነቅላ በረዶው ላይ አስቀመጠችው። ቀዩ አሁንም ይርገበገባል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከገና በፊት» አለ ቀና ብሎ ሳያያት። «ገዢው ሁሉ ያማርራል። ቁልፍ ያለውን ብቻ መሸጥ የጀመርኩት ለዚህ ነው።»

«ቨርሊን ከጠፋ ወዲህ! እርስዎም ወሬውን አፈኑት?»

«ምን ልበል? ልጅሽ ከበረዶ ሥር ያወራል ብዬ ለእናትሽ ልንገራት?»

 አርዲስ አሮጌውን መሣሪያ በአንድ ትከሻዋ፣ የበረዶ መሰርሰሪያውን በሌላው አድርጋ ሄደች። ወደ ጀልባ መውረጃው በኩል ስትቆፍር ወሬው ቀጠነ። ወንዙ ወደ ሐይቁ ወደሚገባበት ስትቆፍር ወፈረ። እዚያ ውኃው ከሥር ስለሚሮጥ በረዶው አይታመንም፤ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ኦስመንድ ዲጅኖና ገመድ እየጎተተ፣ «ያቺ አሮጊት ሁለተኛ ልጇንም ልታጣ ነው!» እያለ ተከተላት። በፊቱ ያለውን በረዶ በዲጅኖ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል።

በየቀዳዳው ወሬው እየበረታ፣ በረዶው እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻ ኦስመንድ ከወገቧ ላይ ገመዱን አስሮ ወደኋላ ቀረ፤ አርዲስ በደረቷ ተኝታ ዲጅኖውን አነሳች። በሁለተኛው ምት በረዶው ተበሳ። የመሣሪያውን ጆሮ ነከረች። ክቡ በሞላ ቀይ ሆነ፤ ወለሉ እንኳ አይታይም።

«ቨርሊን» አለች። «እኔ ነኝ።»

ገጹ ጸጥ አለ። እንዲያው በአንዴ፣ ሰው ንግግሩን አቋርጦ እንደሚያዳምጥ። የወለሉ መስመር ጠርቶ ወጣ፤ ከመስመሩ ከፍ ብሎ ደግሞ አንድ ሰፊ ቀይ ነገር። ዓሣ ቢሆን ይዋኝ ነበር። ይሄ ዝም ብሎ ቆመ፤ ከዚያ በቀስታ፣ በጣም በቀስታ፣ ወደ እሷ ከፍ ማለት ጀመረ።

«አገኘሁት! ጋሼ ኦስመንድ፣ ወደኔ እየመጣ ነው!»

በረዶው ከሆዷ ሥር አቃሰተ። ኦስመንድ ገመዱን በሙሉ ኃይሉ ሳበ፤ እሷ ግን ጮኸች፣ ረገመችው፣ በጥፍሯ በረዶውን ቧጠጠች። መሣሪያው እዚያው ቀዳዳው አፍ ላይ ቀረ።

በማግሥቱ ሰዎች ሳንቃ አንጥፈው፣ በረዶውን በመጋዝ ቆርጠው፣ ቨርሊንን እዚያው ቦታ አወጡት። የራሱ ዓሣ መፈለጊያ ከነሳጥኑ ትከሻው ላይ እንደታሰረ ነበር። ኦስመንድ ሳጥኑን ወይዘሮ ሄልጋ ማዕድ ቤት አምጥቶ በእናትና ልጅ ፊት ከፈተው፤ ከዚያም ቁጭ አለ። የባትሪው ቦታ ባዶ ነው።

«ባትሪውማ እዚህ ነው» አሉ ወይዘሮ ሄልጋ። «ያን ቀን ኤሌክትሪኩ ላይ ሲሞላ ረስቶት ሄደ። ይኸው፣ ምድጃው አጠገብ።»

ኦስመንድ አርዲስን አያት። አርዲስ ባትሪውን ከምድጃው አጠገብ አነሣች። «ታዲያ ያለ ባትሪ በምን ጠራኝ?» አለች።

ያን ጊዜ ነበር ሁሉንም ለእናቷ የነገረቻቸው፤ ቀዩን መስመር፣ በስሙ ስትጠራው ዝም ማለቱን፣ ወደ እሷ መነሣቱን።  ስትጨርስላቸው እናቷ ወደ መስኮቱ ዞር ብለው ወንበራቸውን አዩ።

«ሌሊትም ቀንም ዓይኔን ሳልነቅል እዚህ ተቀመጥኩለት» አሉ። «አንቺን ጠራ። እኔን አልጠራኝም።»