የማላኪ ሾርባ

«እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ ልጄ» አለ ማላኪ የዴርቭላን እጅ በሁለት እጁ ይዞ። እንደ አገሩ ልማድ እስከ ቀብሩ ሳሎን ወዳረፈው የሬሳ ሣጥን ዞሮ አማተበ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ፣ «ሾርባዬ ግን ደህና ነው?» አላት።

ዴርቭላ ለቅሶው ጆሮዋን የደፈነው መሰላት። «ምን አሉኝ ጋሽ ማላኪ?»

«ኧረ ምንም! ነፍሷን ይማር ብዬ ነው።»

ግድግዳውን ታክከው ከተደረደሩት ወንበሮች በአንዱ ተቀመጠ። ዓይኑ ግን ሣጥኑን ትቶ የኩሽናውን በር ይጠብቅ ጀመር።

እናቷ ፊሎሚና ዓርብ ከሰዓት የደንበኛ ፀጉር ስትጠቀልል ነው ልቧ ቀጥ ያለው። ዕድሜዋን ሙሉ በዚህ ኩሽና ውስጥ ፀጉር ስትሠራ ኖራለች። ዴርቭላ ደግሞ እሁድ ከቤልፋስት መጥታ አንድ ነገር ልትነግራት ቀጠሮ ነበራት። እሁድ መጣ፤ እናት የለችም። ሳትነግራት የቀረችው ነገር አሁንም ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ አንዲት ክሬዲት ካርድ።

ከሁለት ዓመት በፊት ወለድ ያሳበጠውን ዕዳዋን ጠቅላላ ወደዚህች ካርድ አዛውራ ነበር። ባንኩ በተዛወረው ዕዳ ላይ ለሃያ አራት ወር ወለድ አላስብም ብሏታል። እሰየው ነበር እኮ! ምን ያደርጋል፣ ሸክሙ የወረደላት መስሏት በዚያችው ካርድ ሶፋ ገዛች፣ ስፔን ሄዳ ፀሐይ ሞቀች። አሁን ዕዳው ከተነሣበት በልጧል፤ የምሕረቱ ጊዜም በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ወለዱ ሲጀምር የቤት ኪራይዋን በምን ትከፍላለች? ይህን የምትነግረው ከእናቷ በቀር ሰው አልነበራትም።

ለቀስተኛው እየበዛ ሄደ። የሚገርመው ግን ሁሉም ሣጥኑ አጠገብ ጥቂት ቆሞ፣ «ውሃ ልጠጣ» እያለ ወደ ኩሽና መሄዱ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠማል እንዴ? ዴርቭላ ተከትላ ብታይ፣ የአንገት ልብስ የለበሱ አንዲት አሮጊት የፍሪዘሩን ክዳን እንደ ሕፃን ራስ ሲዳብሱ አገኘቻቸው። አፍረው ወጡ።

ስለ ማላኪም ድሮ የገረማት ነገር ነበረ። ሰውየው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ራሱ ላይ አንዲት ፀጉር የለችም። ሆኖም ለጥየቃ በመጣች ቁጥር፣ ወሩ በባተ ሰሞን፣ ከእናቷ ፀጉር መሥሪያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ታገኘዋለች።

«እማዬ፣ የዚህን ሰውዬ ምኑን ነው የምትሠሪው?» ብላ ጠይቃት ነበር።

«ጭንቅላቱን ነዋ!» አለች ፊሎሚና፣ ማበጠሪያዋን እየጠረገች።

በለቅሶው ሁለተኛ ቀን የፊሎሚና ጎረቤት ኦነር ሻይ ልትደግም ወደ ኩሽና ገብታ ጮኸች። ወለሉ በውሃ ተጥለቅልቋል። ሰው ሁሉ ግር ብሎ ገባ።

«የሻዩን ማፍያ የት ነው የሰካሽው?» አለ ማላኪ፣ ፊቱ ዐመድ መስሎ።

ከቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ትልቁን የሻይ ማፍያ ተውሳ ያመጣችው ኦነር ናት። «ሶኬት አጣሁና ያቺን ነጭ ገመድ ትናንት ነቀልኳት። ምን አጠፋሁ?»

«ፍሪዘሩን ነው የነቀልሽው! ሾርባዬን አበላሸሽብኝ!»

«አንተ ሰው፣ አስከሬን ባለበት ቤት ስለ ሾርባ ትጮሃለህ? አታፍርም?»

ይህን ብላ አፏን ሳትዘጋ ክዳኑን ከፍታ እጇን እስከ ክርኗ ሰደደች። ያወጣችው የአይስክሬም ዕቃ በፊሎሚና እጅ «ሾርባ፣ ኦነር» ተብሎ ተጽፎበታል። ውስጡ ሾርባ የለም። ከቀለጠው በረዶ ሥር አንዲት ክሬዲት ካርድ ተጋድማለች።

ሌሎቹም እየተጋፉ የየራሳቸውን አነሡ። እያንዳንዱ ምሥጢሩ የብቻው መስሎት ነበር፤ አሁን ሁሉም ውሃ የሚያንጠባጥብ ዕቃ ታቅፎ ይተያያል። መጀመሪያ የሳቀችው ኦነር ናት። ከዚያ ቤቱ በሳቅ ተናጋ፣ ሳቁም ወዲያው ወደ ለቅሶ ዞረ።

«ምንድን ነው ይሄ ነገር? ይንገሩኝ እንጂ» አለች ዴርቭላ።

ማላኪ ፀጉር መሥሪያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። «የሱቅ ካርድ፣ የባንክ ካርድ፣ ምን ያልነበረኝ አለ? ወለዱ ጡረታዬን ይበላው ነበር። እናትሽ ወለድ የማይታሰብባት አንዲት ካርድ አስወጣችኝና ሁሉንም ወደሷ አዛወርን። ደስ ብሎኝ ስስቅ፣ 'ዝም በል፣ ዕዳህ ቤት ቀየረ እንጂ አልሞተም' አለችኝ። ዕዳውን ከማዛወሪያው ክፍያ ጋር ደምራ፣ ወለድ ለማያስቡብኝ ወራት አካፈለችው። የደረሰብኝን ሳላዛንፍ ከፍዬ፣ ወር በገባ ቁጥር መጥቼ አሳያታለሁ። አሮጌዎቹን አዘግታ በፀጉር መቀሷ ከተፈቻቸው። አዲሷን ግን ውሃ ውስጥ ነክራ ፍሪዘር ከተተቻት፤ ሰው እንዳያውቅብኝም 'ሾርባ' ብላ ጻፈችባት።»

«እሷንስ ለምን አልቆረጠቻትም?»

«'ብቆርጣት ነገ ደውለህ ሌላ ታስልካለህ፤ አላውቅህም እንዴ! በረዶው እስኪቀልጥ ግን አምሮትህ ይበርዳል' አለችኝ። እውነቷን ነው። አንድ ቀን ቴሌቪዥን አምሮኝ መጣሁና እዚህችው ቁጭ ብዬ በረዶ ሲቀልጥ ሳይ ዋልኩ። እሷ ሻይ ሰጠችኝ። ሲደክመኝ፣ 'መልሺው' ብያት ሄድኩ። ሦስት ወር ነው የቀረኝ፣ ልጄ።»

ዴርቭላ ፍሪዘሩ ውስጥ አጎንብሳ አየች። ከታች አንድ ዕቃ ቀርቷል። «ሾርባ፣ ዴርቭላ» ይላል። ውስጡ ውሃ ብቻ ነው።

ባለፈው ፋሲካ ሱቅ ሄደው የዴርቭላ ካርድ አልሠራ ብሎ ነበር። «ማሽኑ ነው» አለች። እናቷ ከቦርሳዋ ፓውንድ አውጥታ ከፈለች። በመንገድ ላይ ስለ ዝናቡ ብቻ ነበር ያወሩት።

«እሱን ስም ሳይጻፍበት አይቼዋለሁ» አለ ማላኪ ቀስ ብሎ። «'ይሄ ባዶው የማን ነው?' ብላት፣ 'የሚመጣ ሰው አለ' አለችኝ።»

ዴርቭላ አልቻለችም፤ ዕቃውን ደረቷ ላይ ይዛ እንደ ልጅ አለቀሰች። ማላኪ እስኪወጣላት ጠበቃት፤ የካርዷንም ነገር በእንባ መሃል ነገረችው።

«ስንት ቀን ቀረሽ?» አላት በኋላ።

«እስከ ወሩ መጨረሻ።»

«እንግዲያው አልመሸም። ከቀብር በኋላ እንቀመጣለን።»

ሳሎን ያለው ሰው ሻይ ይጠብቃል። ዴርቭላ ቦርሳዋን ከፍታ ካርዷን አወጣችና ውሃው ውስጥ ለቀቀቻት። የኦነርን፣ የማላኪን፣ የሁሉንም ዕቃ እየተቀበለች ፍሪዘሩ ውስጥ ደረደረች፤ የራሷን ከላይ አደረገች። ከዚያ የሻዩን ማፍያ ነቀለች።

«ኧረ ሻዩ!» አለች ኦነር።

«ይቅር» አለች ዴርቭላ፤ ነጩን ገመድ መልሳ ሰካችው። ፍሪዘሩ ማጉረምረም እስኪጀምር መዳፏን ክዳኑ ላይ አድርጋ ቆመች።