ጓድ ገነነ ቀኙን አነሳ

ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካለው ፎቶ ቤቷ ጓድ ገነነ ሲገባ፣ አይናዲስ ወዲያው አወቀችው። ወንድሟን እምሩን ከአልጋው ጎትቶ የወሰደው፣ በሳምንቱ ሸሚዙን ብቻ መልሶ «ልቅሶ እንዳትቀመጡ!» ያላት የቀበሌ ካድሬ ይኸው ነው። ዛሬ ደግሞ፣ ድንቄም! ለአብዮት በዓል አዳራሽ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ አማረው።

ያን ጊዜ መፈክር ሲባል የሚነሳው የግራ እጅ ነው። ቀኙን ያነሳ ወዮለት! ፀረ አብዮት ይባላል፤ «ተሳስቼ ነው» ቢል የሚሰማው የለም። ገነነ ራሱ በዚህ ሰበብ ስንቱን አስገርፏል።

«እስክሪብቶውን ከኪስዎ ያውጡልኝ፤ ሰዓትዎንም ይፍቱ፣ ያብለጨልጫል» አለችው። ጃኬቱ ዚፕ ነው፣ ኪሱም ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት። ከእጁ በቀር ግራውን ከቀኙ የሚያስለይ ነገር አላስቀረችም። እሱ መስታወት ፊት ደረቱን ነፋ እያደረገ ሲለማመድ ቆየና ግራ እጁን አነሳ። ቀጭ!

ጨለማ ክፍል ገብታ ኔጌቲቩን በጀርባው ገልብጣ አተመችው፤ ከዚያ ኔጌቲቩን አቃጠለችው። ነገሩ እንደ ጫማ ነው። የግራ ጫማ ቁርጥ ቀኙን ይመስላል፤ ግን ብታሽከረክረውም ብትዘቀዝቀውም ቀኝ እግር አይገባውም። የገነነም እጅ አንዴ ቀኝ ሆነ፣ ሆነ።

ሊረከብ ሲመጣ ያውቅብኛል ብላ ፈርታ ነበር። እሱ እቴ! «ይኸዋ! ፎቶ ማለት ይኼ ነው! ሌሎቹ ፊቴን ያጣምሙት ነበር» አለ። ምን ያድርግ፣ ራሱን የሚያውቀው በመስታወት ነው፤ የመስታወቱ ገነነ ደግሞ ሁልጊዜም ቀኙን ነው የሚያነሳው። አቅፎት ሄደ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

በበዓሉ መጋረጃው ሲገለጥ፣ ከበላይ አካል የመጡት እንግዶች እርስ በርስ ተያዩ። ሳይውል ሳያድር ገነነን በጂፕ ጭነው አይናዲስ በር ላይ ከች አሉ።

«ገልብጣው ነው! ጠይቋት!» ይላል ገነነ፣ ላብ አጥምቆት።

«እውነት ነው?» አላት አለቃቸው።

«ኧረ ጌታዬ! ያየሁትን ነው ያተምኩት። ራሳቸው አይተው፣ ወደው ነው የወሰዱት።»

ያኔ ገነነ ጮኸ። «አይናዲስ፣ እምሩ አልሞተም! በሌላ ስም ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ያለበትን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም! እውነቱን ንገሪያቸው፣ አወጣልሻለሁ!»

ውሸታም! ነፍሱን ለማትረፍ እናቱንም ይሸጣል፣ አለች በልቧ። የእጁን ያግኝ!

«ምንድነው የሚለው?» አላት አለቃው።

«እኔ እንጃ። የጨነቀው ሰው የማይለው የለም።»

ጂፑ ተነሳ። ገነነ ከኋላ አንገቱን አስግጎ፣ «‹ለጩጬዬ ደህና ነኝ በላት› ብሎኛል!» አለ። ጩጬ ብሎ የሚጠራት ሰው በዓለም ላይ እምሩ ብቻ ነው።

ጂፑ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ሲወርድ፣ አይናዲስ በነጠላ ጫማ ከኋላው ትሮጣለች። «ቁሙ! እኔ ነኝ የገለበጥኩት! ኧረ ስለ እግዚአብሔር፣ እኔ ነኝ!» ዞር ብሎ ያያት የለም።